የሽሮና የቆሎ አዲስ ቤት

የቤት እንስሳን ለሌላ ሰው መስጠት ቀላል ይመስላል። ትክክለኛውን ሰው ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከሁለት አይጦች ነው።

እህቴ የደወለችልኝ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። "አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው፤ እንዳትስቂ" አለችኝ። ባለቤቷ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል። ከአሥራ አንድ ዓመት የሜሪላንድ ኑሮ በኋላ ጠቅልለው ሊገቡ ስድስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። መኪናው ገዢ አግኝቷል፤ ሶፋውና አልጋው ለማን እንደሚሰጥ ተወስኗል፤ ሻንጣዎቹ ሳሎን ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። መላ ያልተገኘለት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። "አይጦቹን ምን እናድርጋቸው?"

አልሳቅኩም። ሽሮንና ቆሎን አውቃቸዋለሁ።

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ሲሞላት ውሻ ጠየቀች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የተከራዩት አፓርታማ ውሻ አይፈቅድም። ድመት ጠየቀች፤ አባቷን ድመት ያስነጥሰዋል። ከብዙ ድርድር በኋላ ሁለት እህትማማች አይጦች ቤት ገቡ። ቀላ ያለችው ሽሮ፣ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባት ደግሞ ቆሎ ተባሉ። እናታችን ወሬውን ሾላ ሆና በስልክ ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ "ገንዘብ ከፍላችሁ ነው?" ብላ ጠየቀች። "እዚህ እኮ በነፃ ሞልቷል።"

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በሙያዬ ምክንያት ነው። የምሠራው ማርኬቲንግ ነው፤ የምኖረውም ከእነሱ ብዙ ሳልርቅ ቨርጂኒያ ነው። "አንቺ ማስታወቂያ ታውቂበታለሽ" አለችኝ እህቴ። ሁለት ቀን የሚፈጅ መስሎኝ እሺ አልኩ። አምስት ሳምንት ፈጀ።

ኮርኒስ ላይ የምትሮጠዋና ትከሻ ላይ የምትተኛዋ

አይጥ ሲባል ለአብዛኞቻችን ጆንያ የምትቀድ፣ እህል የምታበላሽ፣ ሌሊት ኮርኒስ ላይ የምትሮጥ ናት። ይህ ስሟ ያለ ምክንያት አልወጣም። ሰዎች በፍቅር የሚያሳድጓት አይጥም ዘሯ ከዚያችው ቡናማ የዱር አይጥ ይመዘዛል። ልዩነቱ ከመቶ ዓመት በላይ በሰው እጅ ስትራባ መኖሯ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጃክ ብላክ የሚባል፣ ራሱን የንግሥት ቪክቶሪያ አይጥ አጥፊ ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። ከያዛቸው አይጦች መካከል ቀለማቸው ለየት ያሉትን አልገደለም፤ እያራባ ሸጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሜሪ ዳግላስ የተባለች እንግሊዛዊት አይጦች በእንስሳት ትርዒት ላይ ቀርበው እንዲወዳደሩ አደረገች። በ1976 ደግሞ እዚያው አገር የለማዳ አይጥ ወዳጆች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ።

ለማዳ አይጥ ስሟን ታውቃለች፤ ስትጠራ ትመጣለች፤ ትከሻ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ብቸኝነት አይስማማትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዷን አይጥ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ዘግተው ሌላዋን ውጭ ተዉአት። ውጭ ያለችው አይጥ በሩን መክፈት ተምራ ጓደኛዋን አስወጣች። ቸኮሌት በሌላ ቱቦ ሲቀርብላትም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ከፍታ ከጓደኛዋ ጋር ተካፈለች።

ለእናቴ ይህን ብነግራት ብዙም አልገረማት። ያሸነፋት ሌላ ወሬ ነው። አፖፖ የተባለው ድርጅት ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ውስጥ ግዙፍ የአፍሪካ አይጦችን ያሠለጥናል፤ ዝርያቸው ከእነ ሽሮ የተለየ ነው። አይጦቹ የተቀበረ ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳን በማሽተት ይለያሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ማጋዋ ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። አዲስ አበባም ውስጥ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር በመተባበር እንዲህ ያሉ አይጦች የሳንባ ነቀርሳ ናሙና ሲያሸቱ ቆይተዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ "እንግዲያው ይሠራሉ ማለት ነው" አለች። በእሷ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

"መናፈሻው ውስጥ ብንለቃቸውስ?"

የመጀመሪያው ሐሳብ የመጣው ከእህቴ ባል ነው። ከቤታቸው አቅራቢያ ስላይጎ ክሪክ የሚባል፣ ዛፍና ወንዝ ያለበት መናፈሻ አለ። "እዚያ ቢለቀቁ ነፃ አይወጡም?" አለ፤ ከልቡ ነው። ነገር ግን በሰው ቤት ያደገች አይጥ ምግብ መፈለግ አታውቅም፤ ከጭልፊትና ከቀበሮ መደበቅ አልተማረችም፤ ብርዱንም አትችለውም። በቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በብዙ ቦታ ደግሞ የቤት እንስሳን እንዲህ መተው በሕግ ያስጠይቃል። ስሙን ስናሳምረው ነፃ ማውጣት እንለዋለን እንጂ መጣል ነው።

ይዘናቸው እንሂድ የሚለው የልጅቷ ሐሳብ ነበር። ብዙ አየር መንገዶች አይጥን መንገደኞች ክፍል ውስጥ አያስገቡም፤ ጉዞውም ረጅም ነው። አይጥ በአብዛኛው የምትኖረው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። እነ ሽሮ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ ግማሽ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል ማለት ይቻላል። የቀረውን በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ማወክ አልፈለግንም።

የተገዙበት ሱቅ መልሶ እንደማይቀበል ነገረን። የእንስሳት መጠለያ ግን ክብር ያለው አማራጭ ነው፤ አይጥ የሚቀበሉም አሉ። እኛ የመጨረሻ መውጫ አድርገን አስቀመጥነው። ጊዜ ስለነበረን አይጦቹ ከቤት ወደ ቤት ቢሻገሩ መረጥን።

"በነፃ" የሚለው ቃል

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ የጻፍኩት በአምስት ደቂቃ ነው። "ሁለት ቆንጆና ጤነኛ ሴት አይጦች። በነፃ። ዛሬውኑ መውሰድ ይቻላል።" በሁለት ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ መልእክት ደረሰኝ። ኮራሁ።

መጀመሪያ የደወለው ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት ነበር። ክብደታቸው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌሎችም እንዳሉን ጠየቀኝ። ማታ 12 ሰዓት እንዲመጣ ተስማማን። ስልኩን ዘግቼ ለእህቴ "አለቀ፤ ሰው አገኘሁ" ብዬ ጻፍኩላት።

ከሰዓት በኋላ ለሥራ ባልደረባዬ እንደ ቀልድ አወራሁለት። እሱ ቤቱ ዘንዶ ያሳድጋል። ፈገግ ሳይል "ስማቸውን ጠየቀሽ?" አለኝ። አልጠየቀም። "ምን እንደሚበሉ ጠየቀሽ? ኬጃቸው አብሮ ይመጣ እንደሆነስ?" ምንም አልጠየቀም። የጠየቀው ክብደትና ብዛት ብቻ ነው። "እባብ አለው" አለኝ ባልደረባዬ።

እባብም መብላት አለበት፤ በዚህ አልፈርድም። ለልጅቷ ቃል የገባሁት ግን ቤት እንደማገኝላቸው ነበር። ደወልኩና ሐሳቤን እንደቀየርኩ ነገርኩት። ምንም አልተቆጣም። "ችግር የለም፤ ሌላ ቦታ አገኛለሁ" አለ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይህ እርጋታው ነው። ማስታወቂያውን ያነሳሁት ዕቃዬን ይዤ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት ነው።

በሥራዬ በየቀኑ የምናገረውን ነገር ረስቼው ነበር፤ ዋጋ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ገዢውም ይናገራል። "በነፃ" ሲባል የሚመጡት ሁሉ ክፉ አይደሉም። ግን ማንንም ለይቶ አያስቀርም። በማግሥቱ ለሁለቱ 40 ዶላር አልን። ለማትረፍ አልነበረም። አይጥን አንድ ጊዜ ሐኪም ማሳየት ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ያስወጣል። 40 ዶላር የከበደው ሰው የታመመች አይጥ ይዞ ሐኪም ቤት አይሄድም።

ጉድለትን የሚናገር ማስታወቂያ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሽሮ ብብቷ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ነበረባት። ሴት አይጦች ለጡት ዕጢ የተጋለጡ ናቸው። ብዙዎቹ ዕጢዎች ካንሰር ባይሆኑም እያደጉ ሄደው እንስሳዋን ያስቸግሯታል። እህቴ "ይህን ከጻፍሽ ማን ይወስዳታል?" አለችኝ። እኔም በሙያዬ ደካማ ጎንን ከፊት ማስቀመጥ ስላልለመድኩ አዲሱን ማስታወቂያ ስጽፍ ዘለልኩት። ሲጠይቁ እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ረቂቁን ልጅቷ አነበበችው። "የሽሮን እብጠት ረስተሽዋል" አለችኝ። እንደረሳሁት ነው ያሰበችው። እኔም "አዎ፣ ረስቼው" አልኩ። እስካሁን የማፍርበት ውሸት እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት ሽሮ አይጥ የሚያክም ሐኪም ጋር ቀረበች። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም አይጥ አያይም፤ መፈለግ ያስፈልጋል። እብጠቱ ለስላሳና የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ካንሰር እንደማይመስል፣ ቢያድግ ግን በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ሐኪሙ ጽፎ ሰጠን። ማስታወቂያውም እንዲህ ሆነ፦

"ሽሮና ቆሎ ይባላሉ። እህትማማቾች ናቸው፤ ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ከሦስት ወር። አይነጣጠሉም። ሽሮ ብብቷ ሥር ትንሽ እብጠት አለባት፤ ሐኪም አይቷታል፣ ወረቀቱን እናሳያለን፤ ወደፊት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል። ቆሎ ገመድ ትበላለች፤ የስልክ ቻርጀር አጠገቧ አይቀመጥም። ሁለቱም ማታ ማታ ከኬጅ ወጥተው መጫወት ለምደዋል። ለእባብ ምግብነት አንሰጥም። የምንሰጣቸው ቤተሰባችን አገር ስለሚቀይር ነው። አስቀድመን እናነጋግራለን፤ የሚኖሩበትን ቦታም እናያለን። ክፍያው ለሁለቱ 40 ዶላር ነው።"

ዘጠኝ መልእክት በሁለት ሰዓት ያገኘ ማስታወቂያ በሁለተኛው መልኩ አራት መልእክት በሁለት ሳምንት አገኘ። በመሥሪያ ቤቴ መለኪያ ውድቀት ነው። ለሽሮና ለቆሎ ግን ከመጀመሪያው ይሻል ነበር።

አራቱ ጠያቂዎች

ሰጪ ሆኖ ተቀባይን መመርመር ለእኛ ባህል ከበድ ይላል። ሰው ሊረዳህ መጥቶ "ቤትህን አሳየኝ" ይባላል? ግን ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ እንጠይቅ የለ? ሌላ ነፍስ አሳልፎ መስጠት ከዚያ አያንስም።

አንደኛዋ ለሦስት ዓመት ልጇ ድንገተኛ ስጦታ የፈለገች እናት ነበረች። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ባሉበት ቤት አይጥና መሰሎቿን ማሳደግን አይመክሩም። ጤነኛ የምትመስል አይጥም በንክሻ ወይም በሽንቷ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ትንንሽ ልጆች ደግሞ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ይህንኑ ነገርኳት፤ አመስግና ተወችው።

ሁለተኛው ተማሪ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ የፈለገው ግን ቆሎን ብቻ ነው። "የታመመችው ትቅርብኝ" አለ። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ሆና ትሰማ ነበር። ምንም ሳትናገር ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ቆሎ ብቻዋን ትታመማለች፤ ሽሮም ብቻዋን ትቀራለች፤ አይሆንም አልኩት።

ሦስተኛው ሁለት ወንድ አይጦች አሉት፤ አልተኮላሹም። "ይላመዳሉ" አለኝ። መላመዳቸውን አልጠራጠርም። አይጥ የምታረግዘው ለሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜም አሥርና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። ለሁለት ቤት እየፈለግሁ ለሃያ ልፈልግ ነው። እሱንም ሸኘሁት።

እህቴ ትዕግሥቷ አለቀ። "በረራችን አሥር ቀን ቀረው። አንቺ እኮ ለአይጥ አማች እየመረጥሽ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። መጠለያው ጋር ደውዬ ቦታ እንዳለ ጠየቅሁ።

አራተኛዋ በማግሥቱ ጻፈች። ባልቲሞር የምትኖር የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። የሁለት ዓመት አይጥ አላት፤ የአይጧ እህት በቅርቡ ሞታ ብቻዋን ቀርታለች። ጥያቄዬን ሳልጀምር የእሷ ጥያቄ ቀደመ። ሽሮ መድኃኒት መውሰድ ካስፈለጋት በምን አድርገን እንደምንሰጣት ጠየቀችኝ። አላወቅሁም፤ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠሁ። "በሙዝ" አለች ልጅቷ። ግማሽ ሰዓት አወሩ። ሴትዮዋ አዲሶቹን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በሌላ ክፍል ለይታ እንደምታቆይ፣ ከዚያ በኋላ ከአሮጊቷ ጋር የማንኛቸውም ሽታ በሌለበት ባዶ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ቀስ በቀስ እንደምታስተዋውቃቸው አስረዳች። የሐኪሟን ስልክ ሳልጠይቃት ሰጠችኝ። ደወልኩ፤ ሐኪሙ በስሟ ያውቃታል።

የመሸኛው ቀን

በረራው አራት ቀን ሲቀረው ወደ ባልቲሞር ነዳን። ኬጁን፣ የሁለት ሳምንት ምግብ፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ ሽታው እንዳይጠፋቸው ያልታጠበ ጨርቅ ይዘናል። አንድ ገጽ ስምምነትም ጽፌያለሁ። ዋናው ነጥብ አንድ ነው፤ ወደፊት ማሳደግ ካልቻለች ለሌላ ከመስጠቷ በፊት ለእኔ ትደውላለች፤ እኔም እቀበላለሁ። እህቴ አገር ልትቀይር ስለሆነ ተያዥ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ደግሞ የራሷን ወረቀት አዘጋጅታለች። ሁለት ገጽ ነው። "ሽሮ አተር ትወዳለች። ቆሎ ከእንቅልፏ ስትነቃ ወዲያው መነካት አትወድም። ዓይናቸው ሥር ቀይ ነገር ካየሽ ደም አይደለም፤ ግን ፈርተዋል ወይም ታመዋል ማለት ነው።"

መኪና ውስጥ ኬጁን አቅፋ ተቀምጣ "አክስቴ፣ አያቴ እኔ ምን እንደምወድ ታውቃለች?" አለችኝ። ከአምስት ዓመቷ ወዲህ አያቷን በስልክ እንጂ በአካል አላየቻትም። ለስድስት ሳምንት ሁላችንም ስለ አይጦቹ ስናስብ፣ ቤት የሚቀይረው አይጦቹ ብቻ እንዳልሆኑ ማንም አላስታወሰም። "ለምን አትነግሪያትም?" አልኳት። የዚያን ዕለት ማታ ደውላ አንድ በአንድ አስመዘገበቻት። ዕንቁላል ፍርፍር ትወዳለች፤ ሽንኩርት አይደረግበትም። ጠዋት ወዲያው ማውራት አትወድም።

እናቴ ጽፋ ይዛዋለች። ወረቀቱ አሁንም ሾላ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

የሽሮ እብጠት አድጎ በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ አዲሷ ባለቤቷ ወጪውን ከፍላ ፎቶ ላከችልን። ሽሮ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ቆሎ አጠገቧ ሆና፣ ሞተች። መልእክቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ልጅቷ አለቀሰች። እናቴ ምን ማለት እንዳለባት ጠፍቷት "ለአይጥ ነፍስ ይማር ይባላል?" ብላ እህቴን ጠየቀቻት። መልስ ሳትጠብቅ ቡና አፈላች።

እርስዎስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለማዳ አይጥ የሚያሳድግ ቤት ብዙ አይገኝም። ግቢ ካለው ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ወይም ወደ ውጭ ሲኬድ ውሻውን በር ላይ ትቶ የሚሄድ ግን ሞልቷል። ጉዳዩ አንድ ነው። ለውሻም፣ ለድመትም፣ ለአይጥም ቢሆን ከመስጠትዎ በፊት እነዚህን ያስቡ፦

• ቀድመው ይጀምሩ። ቢያንስ ሁለት ወር ቢኖርዎት መምረጥ ይችላሉ፤ ሦስት ቀን ከቀረዎት ለመጣው ሁሉ ይሰጣሉ።

• "በነፃ" አይበሉ። አነስተኛ ክፍያ ይጠይቁ። መቀበል ከከበደዎት ለተቀባዩ የምግብ መግዣ አድርገው ይመልሱለት።

• ሕመሙንም አመሉንም ይናገሩ። የሚናከስ ውሻ ይናከሳል ይበሉ። የክትባት ወረቀቱን፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን፣ አብረው ይስጡ።

• አብረው ያደጉትን አይነጣጥሉ። አይጥ ከሆነች ፈጽሞ ብቻዋን አትስጧት፤ ወንድና ሴትም አይቀላቅሉ።

• ከዚህ በፊት ምን እንዳሳደጉ፣ እነዚያስ የት እንደደረሱ ይጠይቁ። ጥሩ ተቀባይ በጥያቄዎ አይከፋም፤ እሱም ይጠይቅዎታል።

• የሚሄድበትን ቤት ይዩ። አከራይና የቤተሰቡ አባላት ሁሉ መስማማታቸውን ያረጋግጡ።

• የለመደውን ምግብና ሽታው ያለበትን ጨርቅ አብረው ይላኩ።

• ካልተሳካ ወደ እርስዎ ወይም ወደሚያምኑት ሰው እንዲመለስ ቃል ያስገቡ፤ ቃሉንም በጽሑፍ ያድርጉት።

• ልጆችን አይደብቋቸው። "እርሻ ሄደ" ከማለት ይልቅ ሲሰጥ አብረው ይሂዱ፤ የሚወደውንና የሚጠላውን ጽፎ መስጠቱን ለእነሱ ይተዉላቸው።